የፒንያ ሁለተኛ ፈተና

የሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማ የመጨረሻውን ኮን ገጭቶ አለፈ። ቀዩ የፕላስቲክ ኮን እየተንከባለለ ሄዶ ፈታኙ እግር ሥር ቆመ። ሰውዬው ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ድምፃቸውን ሳይለውጡም ለዛሬ ይበቃል፣ ወደ መንገዱ ፈተና አንወጣም አሏት።

ፒንያ ሞተሩን አቆመችና ሄልሜቷን ሳታወልቅ ወደ አጥሩ ሄደች። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ማንም እንዲያይባት አልፈለገችም።

የጽሑፉን ፈተና ካለፈች ቆይታለች። በኮኖች መሃል ቀስ ብሎ መጠማዘዙንም፣ ድንገት ፍሬን መያዙንም ዛሬ አሳምራ ሠርታዋለች። ያቃታት አንድ ነገር ነው፦ በፍጥነት መጥቶ፣ ከፊት እንቅፋት እንደተደቀነበት ሰው ፈጥኖ ወደ ጎን መታጠፍ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከሞተሩ ላይ መሬት የምትደርሰው በጫማዋ ጫፍ ነው፤ ወንዶቹም በዚህ ሲቀልዱባት ከርመዋል።

አሠልጣኟ ራይሊ መጥተው አጠገቧ አጥሩን ተደገፉ። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው፤ አንድ ጊዜ «ጎሽ» ያሉት ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ይሰነብታል።

«ስትታጠፊ ምኑን ነበር የምታዪው?» አሏት።

«ኮኑን።»

«ለዚያ ነዋ የገጨሽው። ሞተር ዓይንሽ ያለበት ነው የሚሄደው። ኮኑን ተይውና መውጫውን እዪ።»

መንጃ ፈቃዱን የፈለገችው ለጉጉት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋት። ሰኞ ከተማው ውስጥ ባለው የዳቦ ጋገራ ትምህርት ቤት ትጀምራለች። ቦታውን ያገኘችው ብዙ ሰው ተፎካክራ ነው። ጋጋሪ ደግሞ ማለዳ የሚነሳ ፍጡር ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ከሐይቁ ዳር መንደራቸው የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚነሳው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሰኞ ወጥቶ ቤት የሚመለሰው ዓርብ ነው። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት። ቀጣዩ ፈተናም የሚሰጠው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኤሊስ ጋር ጀልባ ማሰሪያው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ነበር። ኤሊስ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከመዋለ ሕፃናት ጀምሮ አልተለያዩም። ፈተናውን ሰኔ ላይ በአንድ ሙከራ እንዳለፈ ለመንደሩ ሁሉ አውርቶ፣ ክረምቱን የወንድሙን ሞተር እያስጓራ ነው ያሳለፈው።

«ምን ትጨናነቂያለሽ?» አላት። «መንዳት እንደሆነ ትችያለሽ። በዚያ ሰዓት ጫካው መንገድ ላይ ከጥንቸል በቀር ማን አለ? ፖሊሱ ራሱ ገና እያንኮራፋ ነው።»

ብያዝስ ብትለው ሳቀባት። ልጅ ሆና ከዛፍ ላይ መውረድ አቅቷት እንዳለቀሰችም አነሳባት።

«አንቺ መቼም ፈሪ ነሽ» አለ።

ማታ እራት በልታ ወደ ጋራዡ ገባች። አባቷ ለልደቷ የገዛላት ሞተር እዚያው ቆሟል። ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አውርዳ ተቀመጠችበትና መሪውን ያዘች። ጠዋት ቀዝቃዛውን አየር እየሰነጠቀች ስትበር ታያት፤ ደስ አላት። ግን ደግሞ የዚያ ኮን ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። ኮን ባይሆንስ ኖሮ? ጋዜጣ የሚያድል ሰው ቢሆንስ? በፈተናው ላይ መታጠፍ ያቃታት ልጅ፣ ጠዋት መንገድ ላይ እንዴት ትችላለች?

ወረደች። ቁልፉን መልሳ ሰቀለችና የብስክሌቷን ጎማ መንፋት ጀመረች።

ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ዳገት ሰኞ ጠዋት አንድ በአንድ አወቀችው። ስትደርስ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ ነበር። አንዱ ተማሪ፣ ሊጡ ሳይቦካ አንቺ ቀድመሽ ቦካሽ ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ማርፈድ ግን አላረፈደችም፤ ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ከትምህርት በኋላ ደግሞ ራይሊ መለማመጃው ግቢ ውስጥ ይጠብቋት ነበር። ፍጥነት ጨምራ ትመጣለች፣ ኮኑን ትተዋለች፣ መውጫውን ታያለች። መጀመሪያ ላይ ኮኖቹ መውደቃቸውን አልተዉም። ሐሙስ ግን ሁሉም እንደቆሙ ቀሩ።

ራይሊ የመጨረሻውን ኮን እያነሱ፣ ወደ እሷ እንኳ ሳይዞሩ «ጎሽ» አሉ።

ዓርብ ካፊያ ነበር። ፒንያ ፈተናው ቦታ ስትደርስ ኤሊስን ከመጠለያው ሥር አየችው።

«እኔን ለማየት መጣህ እንዴ?» አለችው ደስ ብሏት።

ኤሊስ ጫማውን አየ። የማሽከርከር ትምህርት ቤቱን ሰደርያ ለብሷል። ወዲያው ፈታኙ ብቅ ብለው መጀመሪያ ፒንያ፣ ቀጥሎ ኤሊስ ብለው ተመለሱ።

ፒንያ ሰደርያውን አየች።

«ሰኔ ላይ አላለፍክም» አለች።

«ወደቅኩ። ከዚያም ደግሜ ወደቅኩ።» ፊቱ ቀልቷል። «አንዴ አልፌያለሁ ካልኩ በኋላ እንዴት ልመለስ? ለማንም እንዳትናገሪብኝ፣ በናትሽ።»

ፈሪ ያላት ትዝ አላት። ዳገቶቹም ትዝ አሏት። የምትለው ብዙ ነገር አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው።

«አልናገርም» አለች። «የምትናገረው አንተ ነህ።»

ሄልሜቷን አጠለቀች። አስፋልቱ ረጥቧል። በኮኖቹ መሃል እየተጠማዘዘች አለፈች፣ ፍሬኑን ያዘች፣ ጎማው ሳይንሸራተት ቆመ። ከዚያ ያ የሚያስፈራው መጣ። ማርሽ ቀየረች፣ ፍጥነት ጨመረች፣ ንፋሱ ደረቷን ገፋት። ፈታኙ ታጠፊ በሚል ምልክት እጃቸውን አነሱ። ኮኑ ከፊቷ ነበር፤ እሷ ግን ከእሱ ወዲያ፣ ክፍት ወደሆነው ቦታ አየች፤ ሞተሩም ታዞ ተከተላት። ከኋላዋ ምንም የወደቀ ነገር አልተሰማም። ሄልሜቷ ውስጥ ብቻዋን ጮኸች።

በከተማው መንገድም ስፖኪዮዋን እያየች፣ ፍሬቻ እያበራች፣ ለእግረኛ እየቆመች ነዳች። ሲመለሱ ፈታኙ በዝናቡ ውስጥ እጇን ጨበጡ። «እንኳን ደስ አለሽ። ከዛሬ ጀምሮ መንዳት ትችያለሽ» አሏት። አጥሩ ጋ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ራይሊም ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

አባቷ ከሳምንቱ ጉዞው ተመልሶ የፈተናው ግቢ በር ላይ ደረሰና የከባድ መኪናውን ጥሩምባ ነፋ። ወሬውን ሲሰማ ከመኪናው ወርዶ አቅፎ አነሳት፤ እንደ ሕፃን አዞራት። እናትሽ ኬክ ጋግራ እየጠበቀች ነው፣ መኪናው ውስጥ ግቢና እንሂድ አላት። በዚያ መሃል ግቢው ውስጥ የሄልሜቱ ማሰሪያ አልገባ ብሎት የሚታገለውን ልጅ አየ።

«ያ ኤሊስ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?»

«ራሱን ጠይቀው» አለች ፒንያ። ትንሽ አሰበችና «አባዬ፣ መኪናውን አጥፋው። ትንሽ እንቆያለን» አለችው።

አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ኤሊስ ቀና ሲል አያት፤ ልትስቅበት የቆየች ስለመሰለው ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቱን አዞረ። ተመልሶ እስኪያያት ጠበቀችና እጇን አነሳችለት።