በጦር ካርታ እርሳስ የተሣሉ ዕፆች

በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ የነገሌ ቦረና ጦር ሠፈር ተፈታ፤ መንግሥት ወድቆ መኮንኖቹ ወደ ሞያሌ ሲሸሹ፣ የካርታ ክፍሉ ሃምሳ አለቃ ልዑልቃል ግን ከባለቤቱ ከትርንጎ ጋር በእግሩ ወደ ሰሜን ተነሣ፤ ከስንቁ ይልቅ የሳሳለት በእጁ የሣለው አንድ የዕፀዋት መጽሐፍ ነበረ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ደክሞበታል። ወጣት ሳለ በአዲስ አበባ አንድ ቤተ መጻሕፍት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ፣ ተቆልፈው የሚኖሩትን ጥንታዊ የዕፀዋት መጻሕፍት አይቷል፤ ያገራችን አበባ አምሮ ተሥሎ፣ ከግርጌው የፈረንጁ ሠዓሊ ስም አለ፤ ዱር ለዱር መርቶ ያሳየው ያገሬው ሰው ግን አልተጠቀሰም። ይህ ሲያንገበግበው ኖሮ፣ የቆላውን ዕፅ በየስሙ ላስተማሩት ለቦረናው ሽማግሌ ለአባ ጃልዴሳ፣ «ከእኔ ስም በፊት የአንቱ ይጻፋል» ብሎ ቃል ገባ፤ በመጀመሪያው ገጽም ጻፈው።

ቀለም ከየት ያምጣ? የሣለው በካርታ ክፍሉ ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ነው፤ ዕፁ የበቀለበትንም ስፍራ እንደ ልማዱ በካርታ ቁጥር አሰፈረ። ጉድ ያመጣበት ይኸው ልማዱ ነው።

ከቦሬ በታች በነበረ ኬላ አንድ ታጣቂ መጽሐፉን ገለጠ።

«ቀይ ጠላት፣ ሰማያዊ ወገን፤ እኔም ካርታ አውቃለሁ። ቁጥሩ መሣሪያ የቀበራችሁበት ነው?»

«የእሬት አበባ ነው፣ ጌታዬ፤» አለ ልዑልቃል።

«ጃልዴሳ ማነው? የደበቀላችሁ እሱ ነው?»

ትርንጎ ቀደመች፤ «የእኛ አይደለም፤ መንገድ ላይ ወድቆ ያነሣነው ነው።»

ታጣቂው ወደ ባሏ ዞረ። ሽማግሌውን ላድን ብሎ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ፈሪ ለእናቱ ነውና፣ ስለ ነፍሱ ሳስቶ «ሰውየውን አላውቀውም» አለ። መጽሐፉን ከሌሎች ከተያዙ ወረቀቶች ጋር በጆንያ ጨምረው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደ ገባ የሰማ የለም።

በሁለተኛው ዓመት፣ እንደ አዲስ ሊሥል ወደ ነገሌ ተመለሰ። አባ ጃልዴሳን ከደጃቸው ተቀምጠው አገኛቸውና ሰላምታ ሰጣቸው።

«አካም፣ ናጋ? ድምፅህን ለየሁት፤» አሉ፤ «መጽሐፉስ?»

«አባቴ፣ ካድሁዎት። ስምዎን ሲጠይቁኝ አላውቅም አልሁ። ዕፁን እንደገና ያሳዩኝ፤ ሁሉንም እሥለዋለሁ።»

ሽማግሌው በእጃቸው ዳብሰው ትከሻውን ያዙት። «ነፍስህን ማትረፍህ ደግ ነው፤ አልተቀየምሁህም። እኔ ግን ዓይኔ ጠፍቷል፤ ስሙ ሁሉ ልቤ ውስጥ አለ፣ የትኛው ቅጠል እንደሆነ አሁን በምን ላሳይህ?»

ልዑልቃል ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ አለቀሰ።

የዚያን ግንቦት ነገር የጻፉ ብዙ ናቸው፤ የትኛው ጦር የት እንደ ተበተነ፣ ማን በየት በኩል እንደ ገባ፣ ቀኑ ሳይቀር ታውቋል። አባ ጃልዴሳ በዓመቱ ሲያርፉ ግን ስማቸው የሰፈረበት አንድም ወረቀት አልተገኘም፤ ቃል የገባላቸው ሰው አፈር ሲለብሱ ቆሞ ያይ ነበር።