ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በሮች

ያቮር ኮላሮቭ የመቆለፊያ ናሙናዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ ባልደረቦቹ በሰበሩት በር ሥር ተቀምጦ ሞቶ ተገኘ። መዳፎቹ ከመደብደብ ብዛት አብጠዋል። የገደለው አስሙ ነበር።

መርማሪ ዝላትካ ሙቴቫ የገባችው በመሰላል፣ በመስኮት ነው። በቡልጋሪያ ፕሎቭዲቭ ከተማ ያለው ድርጅት የሚሸጠው በስልክ የሚታዘዝ መቆለፊያ ከንጋት ጀምሮ ተበላሽቶ፣ ደንበኞችን በየቤታቸው፣ ሦስቱን የሥራ ባልደረቦች ደግሞ ሊፈታ በማይችል የብረት የውጪ በር ከሬሳው ጋር እዚሁ ዘግቶባቸዋል።

«ማንም እንዳይወጣ» አለች።

«በየት በኩል?» አለች የድርጅቱ ጠበቃ ኔቬና።

የያቮር ሥራ በድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ለደንበኞች መመለስ ነበር። ስልኩ፣ የመቆለፊያ መፍቻውና የአስም መድኃኒቱ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዝላትካ ገጹን አነበበች። ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ አንዲት ሴት «እናቴ ተቆልፎባታል፤ ስኳር አለባት» ብላለች። እሱም «አይዞሽ እህቴ። በሩ ሳይከፈት ተከፍቷል አልልሽም። መቆለፊያ አምጥቼ ከውስጥ እንዴት እንደሚፈታ ቀርጬ አሳይሻለሁ። ያቮር ነኝ» ብሎ መልሷል። ሦስት ከሃያ ላይ ግን ገጹ «ችግሩ ተፈቷል፤ 212ቱም በሮች ተከፍተዋል» ይላል።

«ይህን ለጥፎ ናሙና ክፍሉ ገባ» አለ ሥራ አስኪያጁ ኦግኒያን። «በሩ በራሱ ተዘጋበት። ዕድሉ ነው።»

«እንዳይዘጋ ጠዋት ወንበር አስደግፌበት ነበር» አለ መሐንዲሱ ሲሜዮን። ወንበሩ አሁን ጠረጴዛው ሥር ነው።

«መንኳኳት ሰምቼ ነበር» አለች ኔቬና ዓይኗን ሳታነሳ። «የውጪውን በር የሚሰብሩ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ዝላትካ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ሲሜዮን፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?»

«የተቆለፉትን በሮች እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ በወረቀት ለኦግኒያን ሰጠሁት። ከዚያ እስከ አራት ሰዓት ከእሳት አደጋ ሰዎች ጋር በስልክ ነበርኩ።»

«ጥሪው ተቀርጿል፤ ሰምቼዋለሁ።» ወደ ኦግኒያን ዞረች። «ጌታዬ፣ ወረቀቱን ለማን አሳዩት?»

«ለማንም። እንዲህ ያለ ቁጥር ከኪሴ አይወጣም።»

«እንግዲያው ገጹ ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ለዚያች ሴት ቃል የገባ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ አይዋሽም። ቁጥሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ስልክ ላይ ነበር። ያቮር መቆለፊያ ሊያመጣ ሲገባ ወንበሩን ሳቡ፤ በሩ ተዘጋ። ከዚያ በእሱ ስልክ ጻፉ።»

ኦግኒያን «ድርጅቱን የሚገዙት ሰዎች በአራት ሰዓት ገጹን ሊያዩ ነበር» አለ። «ለግማሽ ሰዓት ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነው።»

«ሲያንኳኳስ?»

«ይደክመዋል ብዬ ነው።»

«መድኃኒቱ እጅዎ ሥር ነበር፣ ጌታዬ።»

ኦግኒያንን በመስኮት፣ በመሰላል አወረዱት። ሲሜዮን መቆለፊያውን እየፈታ አሳየ፤ ዝላትካ በያቮር ስልክ ቀርጻ «በሮቹ አልተከፈቱም፤ እንዲህ ፍቱ» ብላ ለጠፈች።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሴትየዋ ጻፈች፦ «እናቴ ወጣች። ያቮር፣ እግዜር ይስጥህ።»

ዝላትካ ልትመልስላት ጣቷን አንስታ ቆየች። ከዚያ «አንቺ መልሺላት» ብላ ስልኩን ለኔቬና አቀበለቻት።