ካባውን ያለበሰው እጅ

ዋና ዳኛው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ የተገኘው፣ አገር ምድሩ የሚጠብቀውን ፍርድ ሊያነብ በነበረበት ቀን ጠዋት ነው። ፍርዱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መሪው ምክር ቤቱን በትኖ ምርጫውን ላልተወሰነ ጊዜ ማራዘሙ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም? ነገሩ እዚህ የደረሰው በአንድ ጀምበር አይደለም። መጀመሪያ አንድ ጋዜጣ ተዘጋ፤ ሰው «ለጊዜው ነው» አለ። ቀጥሎ ሰልፍ ተከለከለ፤ ሰው «እስኪረጋጋ ነው» አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የቀረው ይህ ፍርድ ቤት ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ወደ ፍርድ ቤቱ ስትሄድ አለቃዋ ደወለ። ቀጭንና ዝምተኛ ናት፤ የተሰወረ ነገርም ጠቅ አድርጋ ስለምታወጣ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል።

«የልብ ድካም ነው። ፈርመሽ ተመለሽ» አላት።

«አይቼ ልፈርም ወይስ ሳላይ?»

«መርፌ፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም።»

የዳኛው ክፍል ይቀዘቅዛል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጥቁሩ ካባ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ስልክና ባዶ ብርጭቆ አለ፤ ብርጭቆው ግርጌ ላይ ማር ተጣብቋል። ሁለተኛ ወንበር ተስቦ ከሟቹ ወንበር ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ እስኪነካካ ቀርቧል። ለጉዳይ የመጣ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። እንዲህ የሚቀመጠው በሽተኛ የሚያስታምም ነው።

ሬሳውን ያገኘችው ጸሐፊዋ ናት።

«የተኙ መስሎኝ ነበር። ካባቸው ትከሻቸው ላይ ተደርቧል። ስነካቸው በረዶ ሆነዋል፤ ካባውም መሬት ወደቀ። የዳኛ ካባ መሬት ላይ? አንስቼ ሰቀልኩት። ከዚያ ነው የጮኽኩት። አጠፋሁ እንዴ ልጄ?»

«አላጠፉም እትዬ። ተደርቦ እንደነበር ለማን ነገሩ?»

«ለማንም! አፌ መቼ ተላቀቀና።»

«እንግዲያው አሁንም አይንገሩ።»

ጥበቃው ከደኅንነት መሥሪያ ቤት የተመደበ ወጣት ነው። የግቢው ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ያየዋል።

«ትናንት ማን ገባ?»

«ዳኛው ሥራ ላይ ሊያድሩ ስለነበር፣ ባለቤታቸው ገና በብርሃን ጠይቀዋቸው ሄዱ። ከዚያ ምክትሉ ገቡ፤ እሳቸው እንደ ቤታቸው ነው። ሌላ ማንም አልገባም። ጨለም ሲል ግቢውን ስዞር መስኮቱ ተከፍቶ አየሁና ገረመኝ።»

«መስኮት ቢከፈት ምን ይገርማል?»

«ድንጋይ ከተወረወረበት ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ማጠፊያው ዝጓል። በጉልበት ካልሆነ ንቅንቅ አይልም።»

«ታዲያ ገብተህ አላየህም?»

«የታዘዝኩት በር እንድጠብቅ ነው» አለና አቀረቀረ።

የሟቹ ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ ገና አልመጣም።

«ማር ይወዱ ነበር?» ብላ መርፌ ጠየቀቻት።

«እሱ? ስኳር አለበት፤ ጣፋጭ አፉ አይገባም። ጉሮሮው ሰሞኑን ይከረክረው ነበር፤ ሰው ለምኖት ካልሆነ...»

«ማን ቢለምናቸው እሺ ይላሉ?»

ሴትዮዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔንማ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል። የሚሰማው ሚዜውን ነው።»

ሚዜው ምክትል ዳኛው ነበር። በተማሪነታቸው አንድ ኮት በፈረቃ የለበሱ ጓደኛሞች ናቸው። መርፌ ቢሮው ስትገባ ዓይኑ ቀልቶ አገኘችው።

«ከእሱ ስለይ ደህና ነበር። ፍርዱን ጮክ ብሎ ይለማመድ ነበር» አለ። «የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነው፤ ካባውን ደርቦ፣ እንደተኛ መሄዱ። አልተሰቃየም።»

መርፌ ከዚያ አመስግና ወጣች።

ረፋዱ ላይ ሐኪሙ ውጤቱን ነገራት። «ብርጭቆው ውስጥ ከማሩ ጋር የእንቅልፍ መድኃኒት አለ። ሌላ ሰው ቢጠጣው እንቅልፍ ነው። የእሳቸው የታመመ ሳንባ ግን አይችለውም፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሞቱት።»

ሁሉንም ባዶው ችሎት ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለጉዳይ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ዋና ዳኛው በልብ ድካም አልሞቱም» አለች። «መድኃኒት በማር ተደባልቆ ተሰጣቸው። ባለቤታቸው ቢሰጡ አይጠጡም ነበር፤ እሳቸው ሲወጡም ገና ብርሃን ነበር፣ መስኮቱም ዝግ ነበር። ጥበቃው ደግሞ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ስለ መስኮቱ ትንፍሽ አይልም ነበር። የቀረው ካባው ነው። እትዬ ካባውን መልሰው የሰቀሉት ሰው ሳይጠሩ ነው። ስለዚህ ትከሻቸው ላይ እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው፣ እሳቸው የነገሩኝ እኔ፣ እና ያለበሳቸው ሰው ብቻ ናቸው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ጌታዬ፣ እርስዎ በምን አወቁ?»

ምክትሉ ከአግዳሚው ተነሣ።

«እንዲተኛ ብቻ ነበር» አለ። «ቀጠሮው እስኪያልፍ። ካነበበው በሕይወት ቤቱ እንደማይገባ የመሪው ሰዎች በግልጽ ነግረውኛል። ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ።»

«አምንዎታለሁ። ሊገድል የመጣ ሰው እንዳይበርደው ብሎ ካባ አያለብስም። ግን መስኮቱን ከፈቱ። ትንፋሽ እንዳጠራቸው አይተዋል ማለት ነው። ስልኩ ክርናቸው ሥር ነበር። የዛገ መስኮት ያስከፈተ ጉልበት ስልክ ለማንሳት አነሰ?»

«አነሳሁት» አለ። «መልሼ አስቀመጥኩት። ሐኪም ቢመጣ ይነቃል። ከነቃ ያነበዋል። እስቲ ትንሽ ልጠብቅ፣ ይሻለው ይሆናል አልኩ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ... ጠበቅሁ።»

ባለቤቲቱ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። የሠርጓ ቀን ከባሏ ጎን የቆመው ሰው ነው።

«ይገድሉታል ብለህ ፈራህ» አለችው። «ስለዚህ ቀደምካቸው።»

እንባዋ የመጣው ያኔ ነው። ጸሐፊዋ ደግፋ ይዛት ወጣች።

የመርፌ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ምክትሉ ለቃለ መሐላ ይፈለጋል። የዋና ዳኛውን ወንበር የሚይዘው እሱ ነው።»

«ጌታዬ፣ ሰውየው በምስክር ፊት አምኗል።»

«ልቀቂው አልኩሽ።»

ምክትሉ ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋላት። «እሰሪኝ» አላት። «በፈጠረሽ፣ አሁኑኑ እሰሪኝ።»

ካቴናውን አውጥታ አንዱን እጁን አሰረች። ሁለተኛውን ሳታስር ጥበቃው መሃል ገባ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ታዝዣለሁ» አለ ዓይኗን ሳያይ። ቁልፉን ከእጇ ወስዶ ፈታው፤ ክንዱን ይዞም መኪናው ድረስ አደረሰው።

መርፌ ያየችውን ሳታስቀር ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠች። በዚያው ዕለት ከሥራ ታገደች።

ከሰዓት በኋላ አዲሱ ዋና ዳኛ የመሪው ውሳኔ ሕጋዊ መሆኑን የሚያጸና ፍርድ አነበበ። መሃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ መቀጠል አቅቶት ቆመ፣ ከዚያ ግን እስከ መጨረሻው ዘለቀው። በየቤቱ በሬዲዮ ያዳመጠው ሰው ሐዘኑ አልወጣለት ብሎ ነው እያለ ከንፈሩን መጠጠለት።