ሁለት ትንፋሽ በአንድ ብርድ ልብስ

ጁንማያ ከተራሮች ሥር ባለችው ፖክሃራ ከተማ የተራራ ተጓዦችን የላባ ብርድ ልብስ ታጥባለች። ላባው የት ጋ ረጥቦ እንደጓጎለ በእጇ ትለየዋለች። ፓዳም ከሚባለው መንገድ መሪ ጋር የተዋወቁትም በቁጣ ነው።

«ተሸፋፍነህ ነው የምትተኛው፣ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«በትንፋሽህ ነዋ! ጨርቁ ዝናብ ባያስገባ ምን ዋጋ አለው፣ አንተው ከውስጥ እያረጠብከው! አፍንጫህን አውጥተህ ተኛ።»

«ብርዱ ቢቆርጠውስ?»

«ያለ አፍንጫም ቆንጆ ነህ» አለችና በራሷ አፍ ደነገጠች።

ከዚያ ወዲያ የፓዳም ብርድ ልብስ አንገቱ ጋ ጓጉሎ አያውቅም። በረዶ ላይ ሆኖም ቃሏን እንደሚያስብ ስታውቅ ደስታዋ ወሰን አጣ። ከቲሃር በዓል በኋላ እናቷን ሊጠይቅና ሊያገባት ተስማሙ።

በበዓሉ የመጨረሻ ቀን ዋዜማ ከተራራ ተመለሰ። ብርድ ልብሱን ስትዳብሰው ግን አንገቱ ጋ ላባው ጓጉሏል፤ ያውም ሁለት ቦታ፣ ጎን ለጎን። ብርድ ልብሱ የአንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው ካልተቃቀፈ አይበቃውም። በዚህ ጉዞ ከመራቸው መካከል ደግሞ አንዲት መልከ መልካም ፈረንጅ ነበረች።

«ይሄ ውሻ!» አለች እያለቀሰች። አቤት ኩራት! ጠርታ አልጠየቀችውም።

በማግስቱ እህቶች የወንድሞቻቸውን ግንባር ቲካ የሚባለውን ሰባት ዓይነት ቀለም የሚቀቡበት ቀን ነው። ፓዳም እየሳቀ ሲገባ ከወንድሞቿ ጎን ቦታ አሳየችው።

«እዚህ ተቀመጥ።»

«ኧረ ተይ፣ እየቀለድሽ ነው?»

አልቀለደችም። ቲካ የተቀባ ወንድም ሆነ ማለት ነው፤ ወንድም ደግሞ እህቱን አያገባም። በእናቷና በአክስቶቿ ፊት የተዘረጋን ቲካ መግፋት ግን ነውር ነው። ፓዳም ፊቱ አመድ መስሎ ተቀመጠ። ሰባቱንም ቀለም በግንባሩ ላይ ደረደረችው።

«ምን አደረግኩሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«ብርድ ልብስህን ጠይቀው። ሁለት ትንፋሽ አድሮበታል።»

ፓዳም ትክ ብሎ አያት። «አንዱ ሽማግሌ ተሸካሚያችን ብርዱ ሊገድለው ነበር። ትንፋሼ እንዲያሞቀው አቅፌው አብሬው ተሸፈንኩ። ምናለ ብትጠይቂኝ፣ ጁንማያ?»

ቀለሙን ጠርጋ ልትጥለው፣ ልትጮህ ፈለገች። ግን ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል።

«በይ እንጂ ልጄ፣» አለች እናቷ ደስ ብሏት፣ «አዲሱን ወንድምሽን አጉርሺው!»

ጣፋጩን አጎረሰችው። እንደ ወጉ ዝቅ ብሎ እግሯን በግንባሩ ነካ።

«እህቴ፣» አላት፣ «እድሜ ይስጥሽ።»