በአራት ሰዓት የመሸበት መንደር

በ2001 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ሰቆጣ ከገበያው በላይ ባለው የዘበነ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። መርማሪዋ ሳጅን አመተ ሥላሴ፣ የበታችዋ አሥር አለቃ ትእዛዙ፣ የሟቹ እህት ዘመናይ፣ የሟቹ ጓደኛ ምሳው፣ እጁን በካቴና የታሰረው ዲያቆን መልአኩ። የዘበነ አስከሬን ሆስፒታል ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የደረቀው ደሙ ግን ገና አልታጠበም።

ዘበነ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ወጣት ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በገዛ በሩ መቀርቀሪያ ብረት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። አስከሬኑን አግኝቶ የጮኸው መልአኩ ነው። ትእዛዙ ወዲያው አሰረው፤ እኩለ ቀን ላይ በነፍስ ግድያ ለዐቃቤ ሕግ ሊያስረክበው ተዘጋጅቷል።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ሳጅን» አለ ትእዛዙ። «ኮምፒውተሩ ላይ የተጀመረ ማመልከቻ አለ። ሴቭ የተደረገው በአሥር ሰዓት ነው። ስለዚህ ዘበነ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር። ይሄ ደግሞ አሥር ሰዓት እንዳለፈ ገባ፤ ወዲያውም ጮኸ። እሑድ ዕለት ‹ይህን ማሽን ጭንቅላትህ ላይ ነው የምሰብረው› ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ብለሃል?» ስትል ጠየቀችው አመተ ሥላሴ።

«ብያለሁ» አለ መልአኩ አንገቱን ደፍቶ።

አመተ ሥላሴ ወደ ምሳው ዞረች። ምሳው በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው።

«እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጀምሮ የአቶ ገብረ ጻድቅ ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አለ ሳይጠየቅ። «ድንኳን ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው።»

«አይቼዋለሁ» አለች ዘመናይ። ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶው ቤት ስታስተናግድ ነበር የዋለችው። «በዚያ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ መጣ። ‹ጋሼ ምሳው፣ ሙሽራ መሰልክ› ብዬ ቀለድኩበት። ወባ ነው አለኝ።»

«ወባ ነበር» አለ ምሳው።

አመተ ሥላሴ ወንበር ስባ ከመልአኩ ፊት ተቀመጠች።

«የተጣላችሁት በጨዋታ ነው አሉ። ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ሰው የሚያጣላው?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ መንደር አለ፣ እመቤቴ። ቤት ይሠሩበታል፣ ጎመን ይተክሉበታል፣ ጎረቤት ይጠይቁበታል። ጎረቤቶቹ እንስሳት ናቸው። አንዷን ፍየል የሻሽወርቅ ብለናታል፤ እንደ አከራያችን ወሬ አታቆምም።» ዘመናይ ልትስቅ አለችና ደሙን አይታ ተወችው። «ቀኑ የሚሄደው በኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። ጎመኑ እስኪደርስ ሳምንት መጠበቅ ይፈልጋል። እኛ ግን ቀኑን ወደፊት እናደርገዋለን። ጎመኑ ይደርሳል፣ እንሸጠዋለን፣ ከዚያ ቀኑን ወደ ዛሬ እንመልሰዋለን።»

«ሁዳዴን ዘሎ ፋሲካ መግባት ነዋ» አለ ትእዛዙ። «እሱም ዲያቆን ሆኖ።»

«እሑድ ቀኑን መመለስ ረሳሁ» አለ መልአኩ። «ከደሃና ወረዳ የመጣች የአንዲት ሴት ማመልከቻ ገና ያልደረሰ ቀን ተጽፎበት ወጣ። ዘበነ በሰው ፊት አባረረኝ፤ እኔም ያን ቃል ተናገርኩ። ትናንት የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።»

«ፍታውና መንደሩን ያሳየኝ» አለች አመተ ሥላሴ። ትእዛዙ እያጉረመረመ ካቴናውን ፈታ።

መልአኩ ጨዋታውን ከፈተ። ቤቶቹን ጨለማ ውጧቸዋል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ፍየሏም ተኝታለች። በመስኮቱ የገባው የጠዋት ፀሐይ ግን የኮምፒውተሩን ማያ ለማየት እስኪያስቸግር ያበራ ነበር። መልአኩ ወደ ማያው ተጠጋ።

«መሽቷል» አለ። «እንዴት ይመሻል?»

አመተ ሥላሴ ምሳውን በእጇ ጠራችው።

«ምሳው፣ አንተ የማሽን ሰው ነህ። የዚህ ኮምፒውተር ሰዓት ልክ ነው?»

ምሳው ጎንበስ ብሎ የማያውን ጥግ ተመለከተ። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ልክ ነው። አራት ሰዓት ከሩብ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መሥሪያ ቤት ያሉትን የማስተካክላቸው እኔ ነኝ። ምን ያጠራጥረኛል?»

«ልክ አይደለም» አለ መልአኩ። «ዘበነ የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አሁን አሥር ሰዓት ከሩብ ማለት ነበረበት። በፈረንጅ አራት ከሩብ ገና ሌሊት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሞላነው መንደሩ ቀን ተኝቶ ይውላል፤ ጎመን የሚገዛን የለም። ቀኑን እንጂ ሰዓቱን ነክተን አናውቅም።»

አመተ ሥላሴ ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«እኔም ዛሬ ጠዋት የዘበነን ባለጉዳዮች ጠይቄያለሁ» አለች። «ትናንት ጠዋት በአምስት ሰዓት የተጻፈው ደብዳቤ ማሽኑ ላይ አሥራ አንድ ይላል። እስከዚያ ድረስ ሰዓቱ በፈረንጅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ነካው። ዘበነ አይነካውም። መልአኩም አይነካውም፤ መንደሩ ይመሽበታል። ደግሞስ ገዳዩ እሱ ቢሆን፣ ራሱ የመጣበትን ሰዓት ጽፎ አንገቱ ላይ ገመድ ያስገባል? ዘመናይ ኮምፒውተር አታውቅም፤ ቀኑንም ሙሉ ለቅሶ ቤት ነበረች።»

ምሳው ወደ በሩ አየ። ትእዛዙ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዘበነ የሞተው በስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ገዳዩ ሰዓቱን ወደፊት ገፍቶ አሥር አደረገው፤ ማመልከቻ ጀመረ፤ ሴቭ አደረገ። ከዚያ መመለስ ነበረበት። ደንግጦ ስለነበር የቀድሞውን አላስተዋለም። የእጅ ሰዓቱን አይቶ እንደ መሥሪያ ቤቱ ማሽን በሐበሻ ሞላው። አሁንም አይተህ ልክ ነው ያልከው አንተ ነህ፣ ምሳው።»

«ፍየል ተኛች ተብሎ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ከጋቢው ሥር የለበስከው ሸሚዝ የት አለ?»

ምሳው እንደገና በሩን አየ።

«የቀረኝ ምክንያቱ ነው» አለች አመተ ሥላሴ። ዓይኗ ግን ዘመናይ ላይ ነበር።

ዘመናይ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። «ምሳው ዓረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ወረቀት እዚህ ማሽን ላይ ያወጣላቸው ነበር። የአሥራ አራት ዓመቷን ሃያ አንድ ያደርጋታል። ሰኞ ዘበነ ‹ለፖሊስ እናገራለሁ› አለው።»

«ታዲያ መልአኩ ሲታሰር ዝም አልሽ?»

«የእኔም ወረቀት አለበት።»

መልአኩ ቀና ብሎ አያት። እሷ አላየችውም።

«ዘበነ ራሱ ዘመን ሲዘል ይውል ነበር» አለ ምሳው ቀስ ብሎ። «እኔ ስዘል ነው ፖሊስ የታየው።»

«እሱ የዘለለው ለጎመን ነው» አለች አመተ ሥላሴ። «ትእዛዙ፣ ካቴናውን ለምሳው አድርግለት።»

ደም የነካው ሸሚዝ ምሳው ቤት፣ እህል ጎታ ውስጥ ተገኘ። ዘበነ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ፤ መልአኩም ከካህናቱ ጋር ቆሞ ፍትሐቱን አገለገለ። ምሳው ተፈረደበት። በእሱ ወረቀት ቀደም ብለው የወጡት ሁለት ልጃገረዶች የት እንደደረሱ አልታወቀም። ዘመናይ በግንቦት ወር ሌላ ደላላ ባወጣላት ወረቀት ከሰቆጣ ሄደች።