ሃያ ሰው፣ አንድ ድምፅ

«ሃያ ነን እኮ! በቃ በላናቸው!» ባስቲያን ጠረጴዛውን ደበደበው፤ አሥራ ዘጠኙ የቡድኑ ልጆችም አብረውት ጮኹ።

ካፑሲን ከወዲያኛው ጥግ ሆና ሳቀች። የታሪክ አስተማሪያቸው ማዳም ሌኩትር ክፍሉን ልክ እንደ ድሮው የፈረንሳይ ንጉሥ ጉባኤ ሦስት ቦታ ከፍላዋለች፦ አራት ቄስ፣ አራት ባላባት፣ የቀሩት ሃያ ተራ ሕዝብ። ደሞ የምር ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም! የዓመቱ መጨረሻ ጉዞ አሸናፊው ወዳለው ነው። ሃያዎቹ ባሕር አሉ፤ ስምንቱ ፓሪስ፣ የልብስ ሙዚየም። ካፑሲን ባላባት ናት፤ ያንን ሙዚየም ለማየት ሙት ነው የምትለው፣ ሙት!

«ድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር ግን የጠየቀኝ አለ?» አለች ማዳም፣ ሳቋን እየዋጠች። «ለአንድ ቡድን አንድ ድምፅ። ሁለት ለአንድ፣ ፓሪስ!»

«ምን?! ይሄማ ሌብነት ነው!» ባስቲያን ጮኸ።

ካፑሲን ልትዘል ምንም አልቀራት። ከዚያ ሃያዎቹ መሃል ኦድን አየቻት። የልብ ጓደኛዋ ዘንድሮ ነው ከተራራ አገር የመጣችው፤ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። የእስክሪብቶዋን ክዳን ታኝካለች።

«እናንተ ጋስ እንዴት ነበር?» ብላ አጠገቧ ወደተቀመጠችው፣ በተማሪ ልውውጥ ቤቷ ወዳረፈችው እንግሊዛዊት ኢሞጀን ዞረች።

«በኛ ፓርላማ ትልልቆቹ ጌቶችና ጳጳሳቱ ለብቻቸው ናቸው። ትንንሾቹ ባላባቶች ግን ከከተማ ነጋዴ ጋር አንድ ቤት ይቀመጣሉ፤ እዚያ በሰው ነው የሚቆጠረው። ንጉሡ ያለነሱ ግብር መጣል ስለማይችል፣ ወደደም ጠላም ይጠራቸዋል።»

«የኛ ነገሥታት እኮ ጉባኤውን መቶ ሰባ አምስት ዓመት ሳይጠሩ ቀሩ! የልጅ ልጅ እስኪያረጅ!»

«አትቅኚብን ባክሽ፣ ድሃውን እኛም አልጠራነውም።»

ግን በሰው መቁጠር... ካፑሲን እጇን አወጣች። «ማዳም፣ አንድ ባላባት ተነስቶ ሕዝቡ ጋ ቢቀመጥስ?»

ማዳም ጠመኔዋን አስቀመጠች። «በ1789፣ አብዮቱ ሲጀምር፣ ወደ ሕዝቡ የተሻገሩ ባላባቶች ነበሩ። መጨረሻ ላይ በሰው መቁጠር ግድ ሆነ። እዚህም የሚሻገር ካለ በሰው እቆጥራለሁ።»

«እንዳታብጂ!» ሌላው ባላባት ጋስፓር ክንዷን ያዘ። «ሙዚየምሽ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ባክህ!» አለች።

ክንዷን አስለቀቀችና ወንበሯን ያዘች። የወንበሩ እግር ወለሉን እየፋቀ ተጎተተ፣ እስከ ኦድ ድረስ።

«ጠጋ በይ አቦ፣» አለቻት።