የውሰት ቁምሳጥን

«አስጠጉት! ገና ነው፣ ገና! ጫፉ ይታያል እኮ!»

አያቷ መሃል ቤት ቆመው በከዘራቸው እያመለከቱ ያዛሉ። ልጅቷ በትከሻዋ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በጀርባዋ ያን የሚያህል ቁምሳጥን ወደ ግድግዳው ይገፋሉ። ቁምሳጥኑ የእነሱ አይደለም። አናጢው ለሙሽራ የሠራው ነው፤ ቫርኒሹ ገና ይሸታል። «ለዛሬ ብቻ፣ ደግሞ እንዳይጫር» ብሎ ነው ያዋሳቸው። ሶፋው የልብስ ሰፊዋ ነው። መጋረጃውም የሷ፣ ብርጭቆዎቹም የሷ። በዚያን ቀን እቤቱ ውስጥ የራሳቸው የሆነ ነገር ቢኖር ከቁምሳጥኑ ኋላ የሚደበቀው ስንጥቅ ነበር።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ላቧን በክንዷ እየጠረገች። እናቷ ከሞተች ወዲህ «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው። «ሰውየው የሚመጣው እኮ ይሄንን ሊያይ ነው!»

«የቱን?»

«ስንጥቁን ነዋ!»

«እንግዳ ሲመጣ ገበናሽን አውጥተሽ ታሰጫለሽ? ትምህርት ቤት የሚያስተምሩሽ ይሄንን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ተይዋት እማማ። የዘመኑ ልጆች ሁሉን ነገር ለጥፈው ካላሳዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።»

«አያትሽ ባቆመው ግድግዳ ላይ» አሉ አያቷ፣ ሳቁን እንዳልሰሙ ሁሉ፣ «ማንም እግሩን ሳይጠርግ ገብቶ ጣቱን አይቀስርም። ግፊ!»

ገፋች። ምን ታደርግ?

ነገሩን ያመጣችው ራሷ ናት። ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ካለው አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ቤታቸው ሊወድቅባቸው ለደረሰ ባለቤቶች መንግሥት ያሳድስላቸዋል፣ ኪራይ መክፈል ላቃታቸው ተከራዮችም ድጋፍ ያደርጋል ይላል። ሌሎቹ ልጆች ማስታወቂያውን ተደግፈው ሲያወሩ እሷ በመሃላቸው አንገቷን አስግጋ አነበበችው። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም። በክፍል ውስጥ ስሟ «አቧሬ» ነው። አልጋዋ ያለው በዚያ ግድግዳ ሥር ስለሆነ ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር አፈር ይዘንብባታል፤ ፀጉሯን ብታበጥረውም ብታራግፈውም ከጆሮዋ ኋላ የሆነች ነገር ትቀራለች። ስሙን ያወጣችላት የክፍሉ ቀልደኛ ናት። «አቧሬ፣ ዛሬም ከመቃብር ነው የተነሣሽው?» ትላታለች ጠዋት ጠዋት። ልጅቷም አብራ ትስቃለች። ከማስረዳት መሳቅ ይቀላል።

አያቷ እንኳን መንግሥትን ጎረቤትም ለምነው አያውቁም። የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው፣ እጃቸው ሲሰነጣጠቅ ቫዝሊን ቀብተው፣ ለማንም ሳያቃስቱ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሶፋና ቁምሳጥን መዋስ ሌላ ነው፤ የተዋሰ ሰው ይመልሳል። ስለ ማስታወቂያው ስትነግራቸው «እኛ የድኩማን መዝገብ ላይ ምን እንሠራለን?» ብለው አባረሯት። በኋላ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትራሷ ላይ ድንጋይ ወድቆ አገኘች። አያቷ አልጋው ዳር ተቀምጠው ያንን ድንጋይ እያገላበጡ ያያሉ። ከዚያ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አንሥተው «ወዴት ነው ቢሮው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአያቷ አልጋ ላይ ተጣበው ነው የሚተኙት፤ የልጅቷ አልጋ አሁን ለቁምሳጥኑ ቦታ ሲባል ወደ ጎን ተገፍቷል።

ቢሮው ውስጥ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል ነው ያስተናገደቻቸው። «ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ያየዋል። የሚወሰነው ባየው ነው» አለች። ልጅቷ «እሰይ፣ ያየዋል» አለች በልቧ። አያቷ ግን ከቢሮው እንደወጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «መጋረጃ ከማን እንዋስ?» የሚል ነበር።

ግድግዳውን ያቆሙት ሟች ባላቸው ናቸው። ግንበኛ ነበሩ፤ የሰፈሩን ግማሽ ቤት የሠራው እጃቸው ነው። ግድግዳ የሚለኩበት ቱንቢ እስከ ዛሬ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ግድግዳውም ባለፈው ዓመት ከቤቱ ጀርባ የጎርፍ ቦይ እስኪቆፈር ድረስ ደህና ነበር። ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱን ከፍተው፣ አንድ ድንጋይ ሳያስገቡበት፣ አካፋቸውን ጭነው ሄዱ። ክረምት ሲገባ ውሃው መሠረቱን እየላሰ በላው። ያስቆፈረው መንግሥት ነው፣ አሁን «እስቲ ምን ሆናችኋል» ብሎ የሚመጣውም እሱ። ልጅቷ ይህን ስትናገር አያቷ አይሰሟትም። ሰው ስንጥቁን ያየ እንደሆነ ቦዩን ሳይሆን ባላቸውን የሚያማ ነው የሚመስላቸው። «የግንበኛው ቤት ፈረሰ» ሲባል ከመስማት ግድግዳው ቢወድቅባቸው የሚመርጡ ሴት ናቸው።

ባለሙያው ከሰዓት በኋላ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል፤ ስልኩ ከእጁ አይወርድም። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«ግባ ልጄ፣ ግባ! ኧረ ጫማህን አታውልቅ፣ በሞትኩት!»

ሶፋው ላይ አስቀመጡት። ለስላሳ በብርጭቆ ቀረበለት። ግራ ቀኙን አየና «እማማ፣ ቤትዎ ያምራል» አለ።

«ባለቤቴ ነው የሠራው» አሉ፣ ወገባቸውን አቅንተው።

«እሺ፣ እንግዲህ ችግሩ የት ጋ ነው?»

ልጅቷ ቀና አለች። ይኸው ጠየቀ! ከዚህ በላይ እንዴት ይጠየቃል?

«ምን ችግር አለብን ልጄ? ተመስገን ነው። ምንም አልጎደለብንም።»

ዕድሜ ልካቸውን ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ የሚሰጡትን መልስ ነው የሰጡት። ምላሳቸው ሌላ አያውቅም።

ባለሙያው ግራ ገባው። «አይ፣ ስትመዘገቡ ግድግዳ ብላችሁ ነበር...»

«እሱማ ትንሽ ነው። ልጆች ያጋንናሉ።»

ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያስመዘገብሽው አይደል? እስቲ ንገሪኝ፣ የት ጋ ነው?»

ቁምሳጥኑ ከጎኗ ነው። እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። «ከዚህ ኋላ» ብትል ያበቃል። አያቷን አየቻቸው። ቢያፈጡባት፣ ቢቆጧት፣ ትናገር ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ማንንም ለምነው የማያውቁት ሴት፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ በዓይናቸው ለመኗት።

«ከ... ከጀርባ በኩል ነው» አለች። «ቦዩ ጋ።»

«ከጀርባማ ጭቃ ነው!» አሉ አያቷ ፈጠን ብለው። «ያን የመሰለ ጫማህን ታበላሸዋለህ።»

ባለሙያው ጫማውን አየ። ትንሽ አሰበ፤ ብዙ አላሰበም። ስልኩን አንሥቶ ክፍሉን ካለበት ሆኖ ፎቶ አነሣና ብርጭቆውን ጨለጠ።

«ታድላችኋል እማማ» አለ በሩ ላይ። «ዛሬ ያየኋቸውን ቤቶች ቢያዩ ያለቅሱ ነበር።»

«ወይ ምስኪኖች!» አሉ አያቷ። ከልባቸው ነው ያዘኑት።

ከሄደ በኋላ ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «አየሽ? ሰው ቤትሽን አክብሮ ሲወጣ? ጨዋ ልጅ ነው።»

«እማዬ፣ ምንም አላየም እኮ።»

«አላሳፈርሽኝም፤ ይበቃል።»

ልጅቷ ብርጭቆዎቹን ለማጠብ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ደጅ ላይ ጠብቃት «እህ? ምን አለ?» ስትላት «ቤታችን ያምራል አለ» ብላ ውሃውን ደፋችው።

በማግሥቱ አናጢው ቁምሳጥኑን ሊወስድ መጣ። ሲጎትተው ከኋላው ልስኑ ተርገፍግፎ ወረደ፤ ተከትሎም አንድ ትልቅ ድንጋይ ከጎኑ ባለው ባዶ አልጋዋ ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። በስንጥቁ በኩል ውጭው ይታያል፤ የቦዩም ሽታ ገባ። አናጢው የወደቀውን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

«እማማ፣ ለሰውየው ይሄን አሳይታችሁት ነበር?»

አያቷ አፈሩን ከአልጋው ላይ በከዘራቸው ወደ ግድግዳው ሥር ገፉት። ቁምሳጥኑ እንዳልተጫረ ዙሪያውን ዳብሶ አረጋገጠና ከረዳቱ ጋር ተሸክሞ ወጣ።

መልሱን ለመስማት ልጅቷ ብቻዋን ሄደች። ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል። ከኋላዋ ሁለት ሰው አልፎ የምታውቀው ዩኒፎርም አየች። ቀልደኛዋ ናት፤ እናቷ ጎን አንገቷን ሰብራ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሁለቱም ሌላ ቦታ የሚያዩ መሰሉ።

«የእናንተ ደህና ነው ተብሏል» አለች ሠራተኛዋ።

«አይደለም፣ ሊወድቅ ነው።»

«ፎቶ አለ እኮ እናቴ።» ኮምፒውተሩን አዞረችላት። የሙሽራዋ ቁምሳጥን መሃል ላይ ተገትሮ ያብረቀርቃል። «እንዲህ ያለ ቁምሳጥን እኔም የለኝም» አለች ሠራተኛዋ። የተሰለፉት ሳቁ። «ጠግበው ነው እንዴ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ለተቸገረ አያስተርፉም።»

ልጅቷ አልዞረችም። ቀልደኛዋ ከኋላዋ እንዳለች ታውቃለች። ነገ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃለች። አያቷ ይህን ቢሰሙ አልጋ ላይ ዞር ብለው ጀርባቸውን እንደሚሰጧት፣ ምናልባትም ለብዙ ጊዜ፣ ያንንም ታውቃለች።

«የውሰት ነው» አለች። ድምፅዋ ወጥቶ ተሰማ። «ቁምሳጥኑም፣ ሶፋውም፣ መጋረጃውም የውሰት ነው። ስንጥቁ ከኋላው ነው። እኔ ነኝ የገፋሁት።»

ሳቁ ቆመ። ቀልደኛዋ መሬት መሬት ታያለች፤ አልሳቀችም።

ሠራተኛዋ ተነፈሰች። «እንዲያ ከሆነ እንደገና ነው የምትመዘገቡት። ወረፋው ከመጨረሻ ይጀምራል፤ ከክረምት በፊት ይደርሳችኋል ብዬ አልዋሽሽም። ስልካችሁን ስጪኝ፣ ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን እንደውላለን።»

«አትደውሉ።»

«ምን?»

«ቀኑን እንዳትነግሩን። ዝም ብላችሁ ኑ።»

ሠራተኛዋ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ያየቻት።

ለአያቷ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም። ስንጥቁ ላይ አሮጌ አንሶላ ሰቀሉበት፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ሆድ ይነፋል። ሰማዩ ከማዶ መጥቆር ጀምሯል።

ቅዳሜ ጠዋት አያቷ በሩ ሥር ተቀምጠው «ውሃ ረጨት ረጨት አድርጊና ጥረጊ» አሏት። ከአልጋው ሥር ጠረገች፤ ከወንበሩ ሥር፣ ከደጃፉ ጠረገች። ግድግዳው ሥር ስትደርስ የወረደው አፈርና ድንጋይ ተቆልሏል። መጥረጊያውን አቆመች።

«እሱንስ?»

«ይቆይ።»

አያቷ ቁልሉን አዩት፣ እሷን አዩ። ከዘራቸውን ወደ አፈሩ ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ሰው ቢመጣስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ፣ ከቱንቢው ሥር አስደግፋ አስቀመጠችው።

«ይምጣ» አለች።